ምጣዱ ስንት ይበላል?

ስለ ቤት ዕቃዎች የመብራት ፍጆታ ለመካነ ሰላምና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



በዚህ ከተማ አንድ ግቢ ገብታችሁ «ቆጣሪውን የሚያስሮጠው ምንድን ነው?» ብትሉ መልሱ አንድ ነው፤ ምጣዱ። ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ፈዘዝ ይላል፣ ሶኬቱ ይሞቃል፣ አንዳንዴም ብሬከሩ ይወርዳል። በዓይን የሚታይ በላተኛ ስለሆነ ሌላ ምስክር የሚፈልግ የለም። እኔ ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ፍርድ ይግባኝ ለመጠየቅ ነው። ምጣዱ ነፃ ይውጣ አልልም። ግን በብዙ ቤት ከእሱ የሚብስ፣ ድምፁን አጥፍቶ ቀን ከቀን የሚበላ ሌላ አለ። እሱን በስሌት እንድንይዘው ነው።

ስሌቱ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም፤ አብሽሩ። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ዋቱን ከዕቃው ጀርባ እናነበዋለን፤ ዕቃው በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ግን ከጓዳችን ተጽፎ አናገኘውም። ስንጠየቅ «ኧረ ትንሽ ነው» እንላለን። ግምት ሁሉ የሚበላሸው በዚህች «ትንሽ» ነው።

መሠረቱን ቶሎ ልለፍ። ዋት አንድ ዕቃ እየሠራ ሳለ ኃይል የሚወስድበት ፍጥነት ነው፤ ስሙ ከስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ከጄምስ ዋት የተወሰደ ነው። 1,000 ዋት አንድ ኪሎ ዋት ይሆናል። አንድ ኪሎ ዋት የሚወስድ ዕቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ የበላው አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ይባላል። ቆጣሪው የሚቆጥረው፣ ቢሉ ላይ የሚጻፈው፣ ገንዘብ የምንከፍልበት ይኸው ነው። ስለዚህ ዋቱን በሰዓቱ አባዝታችሁ ለ1,000 ታካፍላላችሁ። 100 ዋት አምፖል አሥር ሰዓት ቢበራ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በላ። 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ ግማሽ ሰዓት ቢሠራም የበላው ያንኑ አንድ ነው። ለቆጣሪው ሁለቱ አንድ ናቸው።

ዋቱ የሚጻፈው ከዕቃው ጀርባ ወይም ከግርጌው በተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ላይ ነው። ዋት ካጣችሁ አምፔር ፈልጉ። የአገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት ስለሆነ አምፔሩን በ220 ማባዛት ነው፤ 0.8 አምፔር የተጻፈበት ፍሪጅ 176 ዋት ገደማ መሆኑ ነው። ነገር ግን ያ ጽሑፍ የሚነግራችሁ ዕቃው ቢበዛ ምን ያህል እንደሚወስድ ነው እንጂ ሁልጊዜ ያን ያህል እንደሚወስድ አይደለም። ደግሞ ለእኛ ቤት ዋነኞቹ በላተኞች ብዙውን ጊዜ ጽሑፍ የላቸውም። ምጣዱን የሠራው የሠፈር ባለሙያ ነው፤ የምድጃው ሽቦ ተቃጥሎ ከገበያ በተገዛ ሌላ ሽቦ ተተክቷል። አዲሱ ሽቦ ከቀድሞው ቢያጥር ዋቱ ይጨምራል፤ ቢረዝም ይቀንሳል። ይህን ማንም አይነግራችሁም።

የሚነግራችሁ ቆጣሪው ነው፤ እናንተ ካነበባችሁት።

አዲሱ ዲጂታል ቆጣሪ ፊት ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። ከአጠገቧ ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 1600። ትርጉሙ 1,600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሞላ ማለት ነው። የሌላውን ዕቃ ሁሉ ስፒና ንቀሉ፣ አምፖሉን አጥፉ፣ የምትፈልጉትን አንድ ዕቃ ብቻ ሰኩ። ከዚያ በስልካችሁ ሰዓት አንድ ደቂቃ ያዙና ብልጭታውን ቁጠሩ። የቆጠራችሁትን በ60 አባዝታችሁ ለ1,600 ስታካፍሉ ኪሎ ዋቱ ይወጣል። ስቶቭ ሰክታችሁ በደቂቃ 40 ብልጭታ ብትቆጥሩ ስቶቩ 1.5 ኪሎ ዋት ነው። ምጣድ ሲሆን ቆጠራው ያታክታል፤ 3.5 ኪሎ ዋት የሆነ ምጣድ በደቂቃ 93 ጊዜ ያህል ያስበልጨዋል። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል፤ ለእነሱ ስጡት። በአንጻሩ 9 ዋት የሆነ ኤልኢዲ አምፖል ብቻውን ሲበራ ከአንዱ ብልጭታ እስከ ሌላው አራት ደቂቃ ያህል መቆም አለባችሁ። ይህን ልዩነት ቆጣሪው ሥር ቆሞ ያየ ሰው፣ ማታ ምጣድ ረስቶ በአምፖል ልጆቹን አይቆጣም።

የድሮው ቆጣሪ ያላችሁ ደግሞ መስታወቱ ውስጥ የሚሽከረከረውን ክብ ሳህን ተመልከቱ። ይህ ዓይነት ቆጣሪ የመጣው ሃንጋሪያዊው ኦቶ ብላቲ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1889 ካስመዘገበው ፈጠራ ነው፤ እስከ ዛሬ በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ይዞራል። እዚያም ቁጥር አለ። 600 ዙር ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ካለ፣ ሳህኑ በደቂቃ አንድ ጊዜ ከዞረ ዕቃው 100 ዋት ነው። ሳህኑ ላይ ያለችው ጥቁር ምልክት ስታልፍ መቁጠር ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ሁሉን ነቅላችሁ፣ ሁሉን አጥፍታችሁ ቆጣሪው አሁንም ብልጭ ካለ ወይም ከዞረ አንድ ነገር አለ። ወይ የረሳችሁት ዕቃ አለ፣ ወይ ግድግዳ ውስጥ መስመሩ እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ሌላ ሰው ከእናንተ ቀጥሏል። የኋለኞቹ ሁለቱ ባለሙያ ይፈልጋሉ። በጎረቤት ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት ግን የመጀመሪያውን ደግማችሁ ፈትሹ።

አሁን ወደ ምጣዱ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ነው። 3.5 እንያዝ። በ220 ቮልት ይህ 16 አምፔር ገደማ ነው፤ ከቀጭን ሽቦና ከዲቫይደር አቅም በላይ ነው። ምጣድን በዲቫይደር የሚሰካ ሰው ስለ ቢሉ ከመጨነቁ በፊት ስለ ቤቱ ይጨነቅ። ምጣዱ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል።

የጋገራን ሥራ ሰዓት ይዛችሁ ተመልከቱት። ሊጡ ተዘጋጅቷል፤ ምጣዱ ተሰክቷል፤ ግን እንጀራ ገና የለም። ሸክላው ወፍራም ነው፤ ሽቦው ከሥሩ ባለው ቦይ ውስጥ ተጠምጥሞ እሱን እስኪያግል ድረስ ሩብ ሰዓት ይሄዳል። ጋጋሪዋ በጎመን ዘር ታስሰዋለች፣ ጠብታ ሊጥ ጥላ ታያለች፣ ገና ነው ትላለች። ይህ ሩብ ሰዓት ብቻውን 0.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል በልቷል። ከዚያ መጋገሩ ይጀምራል። ታፈሳለች፣ ዓይን ሲያወጣ አካንባሎውን ትደፋለች፣ ታወጣለች፣ ምጣዱን ታስሳለች፣ እንደገና ታፈሳለች። ከማፍሰስ እስከ ማፍሰስ ሦስት ደቂቃ ብንል 25 እንጀራ 75 ደቂቃ ነው። ከማጋያው ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። 3.5 በ1.5 ሲባዛ 5.25 ኪሎ ዋት ሰዓት። ለአንዱ እንጀራ 0.21 ደረሰው።

አሥር እንጀራ ብቻ ብትጋግርስ? ማጋያው ያው ሩብ ሰዓት ነው፤ መጋገሩ ግማሽ ሰዓት። ድምሩ 2.6 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ለአንዱ እንጀራ 0.26። ሩቡን ያህል ጨመረ ማለት ነው። ብዙ እናቶች ይህን ከማንም መሐንዲስ በፊት ያውቁታል፤ አንዴ ከጋለ አብዝተው ይጋግራሉ፣ ጎረቤትም ሊጧን ይዛ ትመጣለች፣ ስፒናውንም ነቅለው የመጨረሻዎቹን ሁለትና ሦስት እንጀራ በትኩሳቱ ይጨርሳሉ። ይህ ልማድ ስስት አይደለም። ሸክላው ውስጥ የቀረው ሙቀት አስቀድሞ ተከፍሎበታል።

በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋግር ቤት በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ለምጣድ ያወጣል። ቁጥሩን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፤ «መብራቱ ኃይል የለውም» የምንለው። ከትራንስፎርመሩ የራቀ ሠፈር፣ በተለይ የበዓል ዋዜማ ሁሉም ሲጋግር፣ 220 ቮልቱ ወደ 180 ሊወርድ ይችላል። ቮልቱ የወረደው በአንድ አምስተኛ ገደማ ነው። የምጣዱ ጉልበት ግን የሚወርደው ከዚያ በላይ ነው፤ ሙቀት ሰጪ ሽቦ ላይ ቮልቱ ሲቀንስ አምፔሩም አብሮ ስለሚቀንስ ጉልበቱ በሁለቱም በኩል ይጎዳል። 3.5 ኪሎ ዋት የነበረው ምጣድ 2.3 ይሆናል። እንጀራው ዓይን አላወጣ ይላል፣ ሦስቱ ደቂቃ አምስትና ስድስት ይሆናል። «ዋቱ ከቀነሰ ቢሉም ይቀንሳል» የሚል ካለ ተሳስቷል። ምጣዱ ረጅም ሰዓት ሲሠራ ከጎኑና ከሥሩ ወደ አየር የሚያባክነው ሙቀትም በዚያው ይረዝማል። ስለዚህ በደካማ መብራት የተጋገረ እንጀራ ከደህናው ይልቅ ውድ ነው። መፍትሔው ሰዓት መቀየር ነው፤ ረፋድ ላይ ወይም ከምሳ በኋላ መስመሩ ሲቀል መጋገር። የቢሮ ሠራተኛ ይህን አይችልም፤ አውቃለሁ። የሚችል ግን ለራሱም ለጎረቤቱም ይጠቅማል።

አሁን ድምፁን አጥፍቶ የሚበላው ማን እንደሆነ ልናገር። ስቶቩ ነው።

ስቶቭ አንድ ኪሎ ዋት ተኩል ቢሆን ከምጣዱ ግማሽ አይሞላም። አምፖሉን አያፈዝም፤ ብሬከር አይጥልም። ግን በየቀኑ ይሠራል። «በቀን ስንት ሰዓት ይበራል?» ብላችሁ ጠይቁ። «አንድ ሰዓት ቢሆን ነው» ይሏችኋል። 1.5 በ1 በ30 ቀን፣ 45 ኪሎ ዋት ሰዓት፤ ከምጣዱ ጋር እኩል። አሁን ደግሞ ስቶቩ በበራ ቁጥር ሰዓቱን ግድግዳ ላይ በከሰል ወይም በእርሳስ ጻፉ፣ ሲጠፋም ጻፉ፤ አንድ ሳምንት ብቻ። ጠዋት ለሻይና ለቁርስ ግማሽ ሰዓት፣ ለምሳ አንድ ሰዓት፣ ለእራት አንድ ሰዓት። በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ወጣ። በወር 112 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከምጣዱ እጥፍ አልፏል። ይህን ያህል የተሳሳትነው ዋቱን ሳይሆን ሰዓቱን ስለዋሸን ነው፤ መዋሸታችንንም አናውቅም፤ ወጥ ሲሠራ ማን ሰዓት ያያል?

የእኛ አገር ከፍታም የበኩሉን ይጨምራል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አጎራባቾቿ ሳይንትና ለጋምቦም ብዙው ክፍላቸው ከፍታማ ነው። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ጅቡቲ ወደብ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እኛ ዘንድ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንፈቀፈቃል። ለሻይ ይህ ጥቅም ነው፤ ቶሎ ይፈላል። ለባቄላ፣ ለአተር ክክና ለሥጋ ግን ጉዳት ነው፤ በ91 ዲግሪ የሚበስለው በ100 ከሚበስለው ብዙ ይዘገያል። ስቶቩም ያን ሁሉ ጊዜ በርቶ ይቆያል።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ ስቶቩን ብትጨምሩበት ድስቱ ከ91 ዲግሪ አያልፍም። ትርፉ ትነት ብቻ ነው፤ ውሃው ያልቃል፣ ትጨምራላችሁ፣ እንደገና ይፈላል። ከፈላ በኋላ ዝቅ ማድረግ፣ ክዳን መክደን፣ ባቄላና ሽምብራን ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር። ፕሬዠር የምንለው እንፋሎት የሚያምቀው ድስት ደግሞ ውስጡን ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው የደጋውን ኪሳራ ይመልሳል። ለደጋ ቤት ከዚህ የተሻለ የወጥ ቤት ዕቃ አላውቅም፤ ሠርግ ስጦታ ላይ ከብርጭቆ ስብስብ ይልቅ እሱ ቢመጣ ደስ ይለኛል።

የድስቱ ግርጌም ይቆጠራል። አንድ ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ተነሥቶ 91 እስኪደርስ በስሌት የሚበቃው 0.09 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የኤሌክትሪክ ማፍያ ሽቦው ውሃው ውስጥ ወይም ከውሃው ሥር ስለተጠጋ ለዚህ ይቀርባል። ግርጌው የተጣመመ ድስት ሽቦው በሚታይ ስቶቭ ላይ ሲጣድ ግን ሰባትና ስምንት ደቂቃ ይፈጃል፤ እጥፍ በላ ማለት ነው። ስለዚህ 2,000 ዋት የሚለውን ማፍያ አይታችሁ አትደንግጡ፤ ለሻይ ውሃ ብቻ ከሆነ ከስቶቩ ይቆጥባል። ማፍያው ክፉ የሚሆነው ለሁለት ሲኒ ሻይ ሞልቶ የሚያፈላ ሰው እጅ ሲገባ ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። ፍሪጅ ሃያ አራት ሰዓት ተሰክቶ ይውላል እንጂ ሃያ አራት ሰዓት አይሠራም። ሞተሩ ይነሣል፣ ያቀዘቅዛል፣ ይተኛል። 120 ዋት የሆነ ሞተር የቀኑን ሲሶ ቢሠራ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ በእኛ ብርድ ደግሞ ከቆላ ይልቅ ያርፋል፤ 0.9 እንበለው፣ በወር 27። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሞተሩ የሞቀውን ለማቀዝቀዝ ረዘም አድርጎ ይሠራል፤ ስለዚህ መጥፋቱ ፍሪጁን ያን ያህል አያስቆጥበውም። ካውያ 1,000 ዋት ቢጻፍበትም ሙቀቱ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል፤ ከሰዓቱ ግማሹን ብቻ ይወስዳል፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ለሚተኩስ ቤት በወር 2 ኪሎ ዋት ሰዓት። ቴሌቪዥንና ሪሲቨር አንድ ላይ 75 ዋት፣ በቀን አምስት ሰዓት፣ በወር 11። አምስት ኤልኢዲ አምፖል ባለ 9 ዋት፣ ማታ አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 7። ስልክ የዚህ ሁሉ ታናሽ ነው፤ ትልቅ ባትሪ ያለው እንኳ በየቀኑ ባዶ ሆኖ ቢሞላ በወር አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። «ቻርጀር ነቅላችሁ እደሩ» የሚባለው ለአደጋ መከላከል ደግ ነው፤ ለቢሉ ግን ምንም አያደርግም። የሻወር ማሞቂያ ያለው ቤት ግን ይጠንቀቅ፤ ሃምሳ ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 2.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ግማሽ ጋገራ ማለት ነው።

በቢጫ አምፖል ዘመን መብራት ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። እነዚያ አምስት አምፖሎች ባለ 60 ዋት ቢሆኑ በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበሉ ነበር፤ የምጣዱን ያህል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መብራት ኃይል ሚሊዮኖች ቆጣቢ አምፖሎችን በአሮጌው እየለወጠ ያደለው ለዚህ ነበር። አሁን ግን አምፖሉ ተሸንፏል። «መብራት አጥፉ» እያልን ልጅ የምንቆጣው በድሮ ልማድ ነው።

እንደምር፦ ምጣድ 45፣ ስቶቭ 112፣ ፍሪጅ 27፣ ቴሌቪዥን 11፣ አምፖል 7፣ ካውያ 2፣ ሦስት ስልክ 2። ድምሩ 206 ኪሎ ዋት ሰዓት። ስቶቩ ከግማሽ በላይ ይዟል። የሁላችሁም ቤት እንዲህ ነው አላልኩም፤ ወጥ በከሰል የሚሠራ፣ ቡና በምድጃ የሚያፈላ ቤት ምጣዱ አንደኛ ይወጣል። ወሩም ወር አይደለም። በረመዳን ለስሁር በሌሊት ይነሣል፣ ለፍጥር ሳምቡሳ ይጠበሳል፤ በሁዳዴ ክክና ምስር በየቀኑ ይጣዳል፤ ለበዓል ድፎው አለ። የአንድ ወር ቢል ዓመቱን አይናገርም። ቆጣሪ አንባቢ ሳይመጣ ቀርቶ በግምት የተሞላ ወር ካለ ደግሞ ቀጣዩ ወር ሁለቱን ተሸክሞ ይመጣል፤ ቢሉ ላይ ያለፈውንና የአሁኑን ንባብ ከቆጣሪው ጋር አስተያዩ። ስሌታችሁና ቢሉ በአሥር በአሥራ አምስት በመቶ ቢለያዩ ደህና ናችሁ። እጥፍ ከሆነ፣ ሁሉን ነቅሎ ብልጭታ መመልከቱ ያኔ ነው።

ብር ለምን አልጠራም? ብሩ ስለሚለዋወጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. በጀመረው የታሪፍ ማስተካከያ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት የአንዱ ዋጋ 0.2730 ብር እንዳለ ሲቆይ፣ ከ500 በላይ የሚጠቀመው ግን ደረጃ በደረጃ ወጥቶ 2.48 ብር ገደማ ደርሶ ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ የሚጨምር አዲስ ታሪፍ ወጥቷል። ዛሬ የምጠራው ብር ይህ ንግግር ታትሞ እጃችሁ ሳይገባ ያረጃል። ኪሎ ዋት ሰዓቱ ግን አያረጅም። መርሁ ያው ነው፤ ብዙ በበላችሁ ቁጥር የአንዱም ዋጋ ይንራል።

ይህ መርህ የሚያሳዝነኝ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ አንድ ቆጣሪ በጋራ በሚጠቀሙ ተከራዮች ላይ። እዚህ የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ከተከፈተ ወዲህ የኪራይ ቤቱ በዝቷል። በአንድ ግቢ አራት ክፍል፣ አንድ ቆጣሪ። እያንዳንዱ ክፍል 50 ብቻ ቢጠቀም፣ ለብቻው ቆጣሪ ቢኖረው የትንሹን ተጠቃሚ ዋጋ ይከፍል ነበር። በጋራ ግን ቆጣሪው 200 አነበበ፤ ከፍ ወዳለው እርከን ገባ። ማንም ሳያባክን ሁሉም ተቀጣ። ከዚያ አከራይዋ ቢሉን በክፍል ቁጥር ታካፍላለች፤ አምፖልና ስልክ ብቻ ያለው ተማሪ ስቶቭ ለሚያበራው ጎረቤት ይከፍላል፤ ጠብ ይነሣል፤ በመጨረሻ «ስቶቭ በዚህ ግቢ አይፈቀድም» ይባላል። በክፍል ማካፈልም በራስ ቁጥር ማካፈልም ፍትሐዊ አይደለም። የሚሻለው ለእያንዳንዱ ክፍል በገበያ ያለችውን ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት ነው፤ ባይቻል ስቶቭና ማፍያ ያለው ክፍል በሰዓት እየጻፈ ድርሻውን ይክፈል፤ የአምፖሉን እኩል መካፈል ማንንም አይጎዳም። አከራዮቻችን ይህን ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል፤ ተከራዮችም ሰዓቱን ሳይዋሹ ቢጽፉ።

ከቤት ወጥተን እንመልከተው። በእነዚህ ተራሮች ላይ የሚዘንበው ዝናብ በበሽሎና በሌሎቹ ወንዞች ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ከዚያም ጉባ ላይ ከተገደበው ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ይገባል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሙሉ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይህን በምጣድ እንለካው። መስመር ላይ የሚባክነውን ሳንቆጥር፣ ግድቡ ሙሉ ጉልበቱን ቢሰጥ በአንድ ጊዜ ማጋል የሚችለው አንድ ሚሊዮን ከ470 ሺህ ያህል ምጣድ ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር! በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተመረቀው የቆቃ ግድብ፣ 43 ሜጋ ዋት፣ 12 ሺህ ምጣድ ብቻ ነበር የሚችለው። ስለዚህ ምጣድ ለአንድ ቤት ከስቶቭ ያነሰ ቢበላም ለአገር ግን ከባዱ እሱ ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ስለሚሰካው። ለቢላችሁ የሚቆጠረው ስንት ሰዓት እንደጋገራችሁ ነው፤ ለአገር ግን በየትኛው ሰዓት እንደሆነም ይቆጠራል። ይህን ስል ወደ እንጨት ተመለሱ ማለቴ አይደለም። በኤሌክትሪክ የተጋገረ እያንዳንዱ መሶብ ከባሕር ዛፉና ከኩበቱ፣ ከደንቆሮ ጫቃ ደንም ጭምር የዳነ እንጨት ነው።

መስመር ያልደረሳችሁ ወገኖች ከወግዲና ከከላላ ገጠር ጭምር እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ለእናንተ ልጨምር። ሶላር ላላችሁ ስሌቱ ይገለበጣል፤ ከዕቃው ሳይሆን ከፓነሉ ትጀምራላችሁ። 10 ዋት ፓነል ደህና ፀሐይ አምስት ሰዓት ቢያገኝ 50 ዋት ሰዓት ይሰበስባል። በባትሪውና በሽቦው የሚጠፋውን ስንቀንስ 35 እንበል። ሁለት ዋት የሆኑ ሁለት አምፖሎች አራት ሰዓት ቢበሩ 16፤ አንድ ስልክ መሙላት 19። አለቀ። ሦስተኛ አምፖል ወይም የጎረቤት ስልክ ከመጣ ባትሪው ነገ ጠዋት ባዶ ነው፤ በየቀኑ ባዶ የሚሆን ባትሪ ደግሞ ዕድሜው ያጥራል። በሐምሌ ጭጋግ ምርቱ ግማሽ ሲሆን ወይ አምፖሎቹ ወይ ስልኩ ነው፤ ሁለቱን አይችልም፤ ስልኩን የገበያ ቀን ከተማ ላይ ማስሞላት ያዋጣል። «በዚህ ሶላር ምጣድ አይሠራም ወይ?» ለምትሉኝ ደግሞ፣ የአንድ ቀን ጋገራ 5,250 ዋት ሰዓት ነው፤ ለ35 አካፍሉት፤ ፓነሉ 150 ቀን መሥራት አለበት።